እንዳይታይ የተሰፋው ጋዋን

በብስኩት ፋብሪካው ውስጥ የአንዲት ሴት እርግዝና ከባሏ ጆሮ ቀድሞ የሚደርሰው ለደንብ ልብስ ሰፊዋ ጆሮ ነበር። የሰፊዋ ክፍል ከዕቃ ግምጃ ቤቱ ጀርባ ያለች፣ አንድ የእግር መኪና፣ አንድ መተኮሻ ጠረጴዛና አንዲት ጠባብ መስኮት ብቻ የያዘች ክፍል ናት። አንዲት ሠራተኛ በምሳ ሰዓት በሩን ገርበብ አድርጋ ገብታ፣ "እትዬ፣ ጋዋኔ ትንሽ ጠበበኝ" ያለች እንደሆነ፣ እሳቸው ቀና ብለው እንኳ ሳያዩዋት "ስንተኛ ወርሽ ነው?" ይላሉ። ሴቲቱም ወይ ታለቅሳለች ወይ ትስቃለች። እትዬ ግን ለሁለቱም ግድ የላቸውም፤ በሩን ከውስጥ ይቀረቅሩና ሜትሩን ከአንገታቸው ያወርዳሉ።

ከዚያ በኋላ የሚሠሩት ሥራ እንዲህ በቀላሉ የሚወራ አይደለም። ጋዋኑን ይፈቱና ከጡት በታች ሁለት ጥልቅ እጥፋት ያስገቡበታል። እጥፋቱ ከውስጥ በላላ ስፌት የተያዘ ስለሆነ በየወሩ አንድ አንድ ጣት ይለቀቃል። ከፊት ትልልቅ ኪሶች ይለጥፋሉ፤ ኪሱ ውስጥ ጓንትና የፀጉር መሸፈኛ ስለሚታጨቅ የተመልካች ዓይን ኪሱ ላይ ያርፋል እንጂ ሆዱ ላይ አይደርስም። ሴቲቱ ስምንተኛ ወሯ ገብቶ እንኳ "ይቺ ልጅ ሰሞኑን ተስማምቷት ወፈረች" ትባላለች እንጂ ሌላ ነገር አትጠረጠርም። ሠራተኛው ሁሉ "እትዬ መጋረጃ" ያላቸው ለዚህ ነው። በስሙ አይቆጡም ነበር። እንዲያውም ይወዱታል፤ አንዳንድ ቀን አዲስ ገቢ በእውነተኛ ስማቸው ስትጠራቸው፣ ሌላ ሰው የተጠራ ይመስል ዘወር ብለው ያያሉ።

ሰው ላይ ከመፍረድ በፊት የድሮውን ማወቅ ደግ ነው። የፋብሪካው የድሮ ባለቤት ሰኞ ሰኞ ጠዋት ሴቶቹን በሰልፍ አቁሞ በመካከላቸው ያልፍ ነበር፤ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ዓይኑን ከሰው ፊት ሳይሆን ከሰው ሆድ ላይ ጥሎ። የጠረጠራትን በአገጩ ብቻ ይጠቁማታል። በአገጩ የተጠቆመች ሴት ለምሳ አትቆይም። "እኔ የምጋግረው ብስኩት ነው፤ ልጅ የምትጋግር ሌላ ምድጃ ትፈልግ" ይላል፤ ቀልድ መሆኑ ነው። የሚስቅለትም አላጣም።

እትዬ ያን ጊዜ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ነበሩ፤ ሥራቸውም ማሸግ። ልጃቸውን ሲያረግዙ አንሶላ በቁመቱ ቀደው፣ ሆዳቸውን እየጠፈሩ ሰልፉ ላይ ቆሙ። ትንፋሽ እያጠራቸው አንዱን ሰኞ አለፉ፤ ቀጥሎ የመጣውንም አለፉ፤ እንዲህ እያሉ አሥራ ስድስት ሰኞ። ቅዳሜ ከሥራ ወጥተው እሑድ ወለዱ። "ትኩሳት ይዟት ተኝታለች" አስብለው በአሥራ አንደኛው ቀን ተመልሰው ቦታቸው ላይ ቆሙ። ልጅቷ ጎረቤት እጅ ላይ ጡጦ ስትጠባ፣ የእናቷ ጡት ፋብሪካ ውስጥ ይፈስ ነበር። እትዬ ፎጣ አራት ላይ አጥፈው ጡት ማስያዣቸው ውስጥ ይወትፉና ብስኩት ያሽጋሉ። ወደ ልብስ ስፌት ክፍል የተዛወሩ ለት መጀመሪያ ያሰቡት ነገር ያ እጥፋት ነበር። ከዚያ ወዲህ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ አርባ አንድ ሴት ሸፍነዋል። ቁጥሩን የሚያውቁት በቃላቸው ነው፤ ከጠየቋቸውም ካልጠየቋቸውም ይናገሩታል። "አርባ አንድ! አንዷም አልተያዘችም።"

ሆኖም ጊዜ ሄደ፤ የድሮው ሰውዬም ሞተ፤ ፋብሪካውም በአክሲዮን ወደ ሌሎች እጅ ገባ። ሕግ ወጣ፣ ከማኅበሩ ጋር ስምምነት ተፈረመ፤ ውሃ መጠጫው አጠገብ ባለው ሰሌዳ ላይም አንድ ሰማያዊ ወረቀት ተለጠፈ። ወረቀቱ፣ ነፍሰ ጡር ሠራተኛ በጽሑፍ ካሳወቀችበት ቀን ጀምሮ እስክትወልድና ከወለደችም በኋላ ባሉት አራት ወራት ከሥራ አትሰናበትም፣ በቅነሳም አትነካም፣ ከባድ ዕቃ አታነሣም፣ ከመውለዷ በፊት አንድ ወር፣ ከወለደች በኋላ ሦስት ወር ደመወዟ ሳይቋረጥ ታርፋለች ይላል። የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀ መንበር፣ ያለ አንቀጽ ስለማይናገር "አንቀጽ" ያሉት ቀጭን ሰው፣ በምሳ ሰዓት ወረቀቱ ሥር ቆሞ ያነብላቸው ነበር። "ሳይቃጠል በቅጠል ነው እህቶቼ! ወረቀታችሁን አስገቡ፣ ማኅተም አስመቱ፣ ቅጂውን ያዙ!" ይላል።

እትዬ ደግሞ ከኋላ ሆነው፣ "ወረቀት ሆድ ይሸፍናል እንዴ?" ይላሉ። ሴቶቹ ይስቃሉ። አንቀጽም ሳይወድ በግዱ ይስቃል።

ያላዩት ነገር ቢሆን ኖሮ ይሻል ነበር። ግን አይተውታል። ያቺ በአንሶላ ታስራ የተወለደችው ልጃቸው አድጋ አንድ መድን ድርጅት ውስጥ ጸሐፊ ሆናለች፤ ባለፈው ዓመት ስትወልድም ወረቀቷን አስገብታ፣ አራት ወር ሙሉ ቤቷ ተቀምጣ፣ ልጇን ጡት አጥግባ ወደ ወንበሯ ተመልሳለች። የልጅ ልጃቸውን ገላ ያጠቡት ራሳቸው እትዬ ናቸው። እንዲያም ሆኖ አላመኑም። "ያ የቢሮ ሰው ሕግ ነው" ይላሉ። "ወንበር ላይ ለሚቀመጥ የወጣ ነው። የኛ ሥራ ቆሞ ነው።"

"እማዬ፣ ሕግ የቆመና የተቀመጠ አይለይም እኮ" ትላቸዋለች ልጃቸው።

"አንቺ ምን ታውቂያለሽ፣ ሰኞን አላየሽ!"

ሳቂታ የመጣችው በዚህ ጊዜ ነው። የማሸጊያ ክፍል ልጅ ናት፤ ከገባች ሁለት ዓመቷ፤ ባሏ ቤት ቀለም ቀቢ ነው። ብስኩት ሲሰበር ትስቃለች፣ መኪና ሲቆም ትስቃለች፣ አለቃ ሲቆጣት አፏን በጓንቷ ይዛ ትስቃለች። ሳቂታ የማይላት ሰው አልነበረም። ያን ቀን ግን ገብታ በሩን ዘግታ ቆመች እንጂ አልሳቀችም።

"እትዬ፣ ጋዋን ላሰፋ አይደለም የመጣሁት" አለች። ከኪሷ አራት ላይ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። "ይቺን ላስገባ ወደ ሰው ኃይል እየሄድኩ ነው። ሦስተኛ ወሬ ነው፤ ሐኪሙ ጽፎልኛል። ግን እርስዎን ሳላማክር እግሬ እምቢ አለኝ።"

"ማን ማን ያውቃል?"

"ባሌና ሐኪሙ። አሁን ደግሞ እርስዎ።"

"በይ ቁጭ በይ ልጄ" አሉ እትዬ፤ በርጩማውን በእግራቸው ገፋ አደረጉላት። "ወረቀቱን ማን ይቀበልሻል?"

"ጸሐፊዋ።"

"እሷስ ለማን ትሰጠዋለች?"

"ለኃላፊው።"

"ኃላፊውስ?"

ሳቂታ ትከሻዋን ሰበቀች።

"አየሽ፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን አታውቂውም። እኔ አውቀዋለሁ። ስምሽ ላይ ምልክት ይደረጋል። ባያባርሩሽ እንኳ ሰበብ ይፈልጉልሻል፤ ዛሬ አረፈድሽ፣ ነገ ብስኩት ሰበርሽ ይሉሻል። ለምን ብለሽ ነው ራስሽን የምታጋልጪ? ሰባተኛው ይግባና እኔ ራሴ እጅሽን ይዤ እወስድሻለሁ።"

"ሰሌዳው ላይ ግን ከነገርሽበት ቀን ጀምሮ ይላል እኮ እትዬ። ካልነገርኩስ?"

"ሰሌዳ ስንት ነገር ይላል! 'ውሃ ቆጥቡ' ይላል፤ ቧንቧው ደግሞ ከተሰበረ ዓመቱ።"

በዚህ ሳቂታ ሳቀች። የሳቀች ጊዜ ነገሩ አለቀ። ወረቀቱን አየች፣ በሩን አየች፣ የእትዬን ፊት አየች፤ ከሦስቱ የምታምነው የእትዬን ፊት ነበር። እትዬ ወረቀቱን ከእጇ ተቀብለው የልብስ ቁልፎች በሚያስቀምጡበት ቆርቆሮ ውስጥ ከተቱትና ክዳኑን ገጠሙ። "እዚህ አይጥ እንኳ አያገኘውም" አሉ። ከዚያ ሜትሩን ከአንገታቸው አወረዱ።

ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ይባላል። እትዬ ግን አላዋቂ አልነበሩም፤ የሚያንገበግበውም ይሄ ነው። ማንበብ ያውቃሉ፣ የልጃቸውን ዕረፍት በዓይናቸው አይተዋል። በኋላ በኋላ ራሳቸውን ሲመረምሩ ያገኙት ሌላ ነገር ነበር፤ ያ ሰማያዊ ወረቀት እውነት ከሆነ መጋረጃው ለማን ያስፈልጋል? ሃያ ሁለት ዓመት ሰው በሹክሹክታ የሚገባበት በር ዝም ሊል ነው። ይህን ያኔ አላሰቡትም። ሆድ ግን ሳያስቡትም ያውቃል።

ወራቱ አለፉ። እትዬ በየወሩ አንድ ጣት ይለቃሉ። ሳቂታ ሆዷን ደብቃ፣ የምድጃው ወላፈን ከፊቷ፣ የትሪው ክብደት ከክንዷ፣ ትስቃለች። ወረቀቷን አስገብታ ቢሆን ኖሮ ተቀምጣ ካርቶን የምታጥፍበት ቦታ ይሰጣት ነበር። አንድ ጊዜ በስድስተኛው ወሯ ላይ፣ ከመጋዘን ትሪ ደራርባ ደረጃ ስትወጣ የማሸጊያ መስመሩ ኃላፊ ከላይ መጣና ትክ ብሎ አያት። ቃል ሳይናገር ትሪዎቹን ከእጇ ተቀብሎ ራሱ አወጣቸው። በማግስቱም እንዲሁ አደረገ። "ቀስ እያልሽ ውጪ" አላት፤ ሌላ አልጨመረም።

ሳቂታ ይህን ደስ ብሏት ለእትዬ ነገረቻቸው። እሳቸውን ግን ውስጣቸውን ወጋቸው። "ታየ ማለት ነው" አሉ። ልጁ ትልቅ፣ እናቲቱ ትንሽ ሆና እጥፋቱ አልቋል፤ እጇን ስታነሣ ከጎን ይታያል። ያን ዕለት በምሳ ሰዓት ምሳቸውን ሳይቀምሱ፣ ጨርቅ ጨምረው ጎኑን እንደ ገና ሰፉት።

ሰባተኛው ወር ገባ። "በሚቀጥለው ሳምንት እንሄዳለን" አሉ እትዬ። በሚቀጥለው ሳምንት ግን አዲስ የማሸጊያ መኪና መጣ፤ የአሥራ አራት ሴት ሥራ ብቻዋን የምትሠራ። ማክሰኞ ጠዋት ሰሌዳው ላይ የአሥራ አራት ሴቶች ስም ተለጠፈ። ሳቂታ ዘጠነኛ ነበረች። ከዝርዝሩ ሥር ደግሞ፣ ነፍሰ ጡር መሆናቸውን በጽሑፍ ያሳወቁ ሠራተኞች በቅነሳው አልተካተቱም የሚል አንድ መስመር አለ። ያሳወቁት ሁለት ነበሩ። አንደኛዋ ከሳቂታ በኋላ የገባች፣ እትዬን ገና በቅጡ የማታውቅ ልጅ ናት። ባለማወቋ ተረፈች።

ሳቂታ ወደ ልብስ ስፌት ክፍል ሮጠች። እትዬ ቆርቆሮውን በጥድፊያ ሲከፍቱ ቁልፎቹ ወለሉ ላይ ተበተኑ። ወረቀቱን ይዘው፣ ሁለቱም ቁልፎቹን እየረገጡ ወጡ። የሰው ኃይል ኃላፊው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ክፉ ቢሆን ለመርገም እንኳ ይመች ነበር። ወረቀቱን አገላብጦ አየ።

"ይሄ ከተጻፈ አራት ወሩ ነው። የት ነበር?"

ሳቂታ ዞራ እትዬን አየቻቸው።

"እህቴ፣ ዝርዝሩ ዓርብ ተፈርሟል። ዓርብ ጠዋት ብታመጪው እንኳ እኔ ራሴ እሰርዝሽ ነበር። አሁን ብነካው ሌላዋን ላስገባ ነው። የማንን ስም ላስገባ?"

አንቀጽ ጉዳዩን ወደ ሠራተኛ ጉዳይ ቦርድ ወሰደው። ተስፋ አለን ብሎ ነበር። "አንቀጹ በጽሑፍ ይላል፤ ነገር ግን አሠሪው ማወቁ በሌላ መንገድ ከተረጋገጠም ይበቃል። የመስመር ኃላፊው አይቷል፣ ትሪም ተቀብሏታል። እሱ አላየሁም ብሎ ፈርሟል፤ እንጀራው ነው፣ አልፈርድበትም። ስለዚህ የሚያስፈልጉን እርስዎ ነዎት እትዬ። ሁለት ነገር ብቻ ይናገሩ፤ ወረቀቱ በሦስተኛ ወሯ ተጽፎ እርስዎ ጋ እንደነበረ፣ ሆዷም ከስድስተኛው ወር ጀምሮ ይታይ እንደነበር። ሁለቱም እውነት ነው። ሌላ አይጨምሩ።"

"ምን ልጨምር ብዬ!" አሉ እትዬ።

ቦርዱ የተሰየመበት ክፍል ረጅም ጠረጴዛና የሚንቋቋ ወንበሮች ያሉት ክፍል ነው። ሰብሳቢዋ መነጽር ያደረጉ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሴት ናቸው። ሳቂታ ስምንተኛ ወሯን ይዛ፣ በባሏ ሸሚዝ፣ ሆዷ ጉልበቷ ላይ አርፎ ተቀምጣለች። ያን ሆድ ያየ ሁሉ ይፈርድላታል ብለው አሰቡ እትዬ። ተራቸው ደረሰና ቆሙ፤ አንቀጽ የጠየቃቸውን በደንብ መለሱ። ወረቀቱ ቆርቆሮው ውስጥ እንደነበረ ተናገሩ። ሆዱም ከስድስተኛው ወር ጀምሮ ለሚያስተውል ሰው ይታይ ነበር አሉ። አንቀጽ በደስታ ተቀመጠ።

የፋብሪካው ጠበቃ ተነሣ፤ ትሑት ልጅ ነው፤ ጎንበስ እንዳለ ከወረቀት ከረጢት ውስጥ አንድ ነገር አወጣ። ሳቂታ ስትሰናበት ያስረከበችው ጋዋን ነበር። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው፤ እጥፋቱን በጣቱ ገልጦ፣ የውስጥ ስፌቱን ለሰብሳቢዋ አሳየ።

"እናቴ፣ ይሄን የሰፉት እርስዎ ነዎት?"

"እኔ ነኝ።"

"እኔ የልብስ ሰፊ ልጅ ነኝ" አለ። "እንዲህ ያለ እጅ ግን አላየሁም። ይሄ እጥፋት ከላይ ምንም አይታወቅም እኮ! እንዴት አድርገው ነው?"

ሃያ ሁለት ዓመት ይህን ሥራ በር ዘግተው ሠሩት። አንድም ሰው በአደባባይ፣ በወንበር የተቀመጠ ሰው ባለበት፣ እጅዎ ይባረክ ብሏቸው አያውቅም። የእትዬ ፊት በራ። ስለ ላላው ስፌት አስረዱ፣ ስለ ኪሱ አስረዱ። ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ጋዋኑን ዳሰሱ። አንቀጽ ጉሮሮውን ጠረገ፤ እትዬ አልሰሙትም።

"ለስንት ሴት ሰፍተዋል?" አለ ጠበቃው።

"ለአርባ ሁለት።"

"ከአርባ ሁለቱ የታየባት አለች?"

"አንዷም!" አሉ እትዬ። "የኔ ጋዋን? አይታይም!"

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። ጠበቃው አመስግኖ ተቀመጠ። እትዬ የሆነው ነገር የገባቸው አንቀጽ ማኅደሩን ቀስ ብሎ ሲዘጋ ነው። "ቆይ፣ ይቺ ልጅ ግን..." አሉ። "በዚች ላይ እንኳ ታይቷል። ደረጃው ላይ ትሪውን..."

"እናቴ" አሉ ሰብሳቢዋ በዝግታ፣ "አሁን አንዷም ብለዋል። ቅድም ይታይ ነበር ብለዋል። የትኛውን ልጻፍ?"

እትዬ ወደ ሳቂታ ዞሩ። ሳቂታ ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋውን ጋዋን እያየች ነበር።

ውሳኔው ከሁለት ሳምንት በኋላ ወጣ። አሠሪው እርግዝናውን ስለማወቁ በቂ ማስረጃ አልቀረበም፤ እንዲያውም እርግዝናው በረቀቀ መንገድ ተሸሽጎ እንደነበር ከራሷ ምስክር ቃል ተረጋግጧል፤ ስለዚህ ቅነሳው ጸንቷል ይላል። ሦስት ወር ዕረፍትም፣ መመለሻ ቦታም የለም። አንቀጽ ውሳኔውን አንብቦላቸው ሲያበቃ እትዬን አልተቆጣቸውም። "ስንት ሴት ያተረፉ ሰው ነዎት" አለ፤ ሄደም። ቢሰድባቸው ይሻላቸው ነበር።

ከዚያ በኋላ እትዬ ቆርቆሮውን ከመኪናው አጠገብ አንሥተው ጣሉት፤ ቁልፎቹ አሁን በብርጭቆ ማሰሮ ውስጥ ናቸው። "ጋዋኔ ጠበበኝ" ብላ የምትመጣን ሴት፣ "መጀመሪያ ማኅተሙን አሳዪኝ" ይሏታል። የተቀባይ ማኅተም ያለበት ቅጂ ካላዩ መቀሳቸውን አያነሡም። ካዩ ግን ጋዋኑን እንደ ልብ ያሰፉታል፤ ያለ እጥፋት፣ ያለ ኪስ፣ ሆዱ ገፍቶ እንዲታይ አድርገው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው፤ ይህን ለራሳቸው ይሉታል። መጋረጃ የሚለው ስም ግን አልለቀቃቸውም፤ አሁን በሰሙት ቁጥር አንገታቸውን ይሰብራሉ።

ሳቂታ መውለዷን ሰምተው ቶሎ ለመሄድ እግራቸው አልታዘዝ አለ። አንድ የልጅ ብርድ ልብስ ጀመሩ፤ ከለስላሳ ጥጥ፣ ድርብ፣ ጠርዙ በእጅ የተጠመዘዘ። ሲያልቅ እሄዳለሁ እያሉ፣ እንዳያልቅ ደግሞ ጠርዙን እየፈቱ እየሰፉ፣ ሦስት ሳምንት ቆዩበት። በመጨረሻ አንድ ቀን ፈቃድ ጠይቀው ሄዱ። ቤቱ በግቢው ጥግ ያለች የኪራይ ክፍል ናት። አማቷ ሕፃኑን ይዘው ደጃፍ ተቀምጠዋል፤ ሕፃኑ ጣቱን እየጠባ ይነጫነጫል።

"እሷስ?" አሉ እትዬ።

"ሥራ ናት" አሉ አማቲቱ። "እንግዳ ማረፊያ አንሶላ ታጥባለች። አሁን ለምሳ ሮጣ መጥታ ታጠባውና ትመለሳለች።"

"ሥራ? ስንት ቀኗ ነው?"

"ሃያ ስድስት። ምን ታድርግ፣ ልጄ እንደሆነ ክረምት ሲገባ ቀለም የሚያስቀባ አያገኝ።"

ወዲያው ሳቂታ በግቢው በር እያለከለከች ገባች። የለበሰችው ሁለተኛውን ጋዋን፣ ያላስረከበችውን ነው። እጥፋቱን ራሷ በወፍራም ክር መልሳ ጠቅማዋለች። እትዬን ስታይ እንደ ድሮዋ ሳቀች። "እንኳን መጡ እትዬ! ይቅርታ፣ እጄ በረኪና በረኪና ይሸታል" አለችና ሕፃኑን ከአማቷ ተቀብላ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ጡቷን ሰጠችው። ያኔ ነው እትዬ ያዩት። የጋዋኑ ደረት በሁለት በኩል፣ እንደ ሰሐን እየሰፋ፣ በወተት ርሷል።

እትዬ በመንገድ ሁሉ ያዘጋጁት ንግግር ነበር። "ልጄ" ብለው ጀመሩ፣ "ያን ቀን ምላሴን በቆረጠው ኖሮ። እኔ ነኝ የ..."

"ተዉት እትዬ፣ አሁን ሃያ ደቂቃ ነው ያለኝ" አለች ሳቂታ፤ ቁጣ አልነበረባትም፤ እውነትም ሃያ ደቂቃ ነበር ያላት። "እንዲያውም በልቤ ሳስብዎት ነው የመጡት። አንድ ነገር ላማክርዎ። እዚያ ስገባ ልጄ ዓመት ሞልቶታል ብያቸዋለሁ። አራስ መሆኔን ካወቁ አያቆዩኝም፤ የቀን ሠራተኛ ነኝ፣ ውል የለ፣ ማኅበር የለ። ግን ይኸው ይፈሳል። ትናንት አለቃዬ ደረቴን አየችው፤ ውሃ ተረጨብኝ አልኳት። ነገ ደግሞ ምን እላለሁ?" ሳቋ መሐል ላይ ተሰበረ፤ መልሳ ያዘችው። "እንዳይታይ የሚያደርግ ነገር ቢሰፉልኝ?"

እትዬ ከሠላሳ ዓመት በፊት ያሽጉበት የነበረውን ቦታ፣ አራት ላይ የታጠፈውን ፎጣ፣ በደረታቸው ላይ እየቀዘቀዘ የሚሄደውን ወተት እንደ ገና አገኙት። ያን ሁሉ ዓመት ይህን ነገር ከሌላ ሴት ለማራቅ ሰፉ፤ ይኸው በገዛ እጃቸው መልሰው አመጡት። ቦርሳቸውን ከፈቱ። ብርድ ልብሱን አወጡ፣ ጭናቸው ላይ ዘረጉት፣ መቀሳቸውን ፈለጉ።

"ኧረ አዲስ ነው! የሕፃኑ አይደለም ወይ?" አሉ አማቲቱ ደንግጠው።

እትዬ ጠርዙን ቆረጡት። ከድርቡ ጥጥ ስምንት ክብ አወጡ፤ ለየጡቱ አራት አራቱን ደራርበው በመርፌ መያዝ ጀመሩ። ሳቂታ ሕፃኑን ወደ ሁለተኛው ጡቷ አዞረችው።

"አይታይም አይደል እትዬ?" አለች።

"አይታይም" አሉ እትዬ። ቀና ብለው ግን ሊያዩዋት አልቻሉም።